የዘንድሮ ካርታ

ዲላ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ኡስማን

ጤናዎን ጠይቄያለሁ። እኛንም ደህና ናቸው ብለው ይያዙን።

ስልክ የማታነሣው ለምንድን ነው ላሉኝ፣ ደንቡን ያወጣችሁት እርስዎና ወንድሜ ደግነት ናችሁ። አውሮፕላኑን መሥራት ስትጀምሩ ስለ እሱ የሚባል ነገር ሁሉ በወረቀት ይሁን፣ ፈቃድ ሰጪዎቹ የሚቀበሉት ፊርማ ያለበት መዝገብ እንጂ ወሬ አይደለም ተባባላችሁ። መዝገቡ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ወንድሜ ኅዳር ላይ ከሞተ ወዲህ የሚጽፍበት ሌላ ሰው ስለሌለ እኔ እጽፍበታለሁ። ስለዚህ እርስዎም ይጻፉ። ሽብሩ በሳምንት ሦስት ቀን አውቶቡሱን አዲስ አበባ ስለሚያመላልስ ደብዳቤ አይጠፋም።

የላኩልኝን የሦስት ጂፒኤስ ዝርዝር አይቼዋለሁ። ከዝርዝሩ የወደድኩት የእጅ ጽሕፈትዎን ብቻ ነው።

አንደኛው የመኪና ነው። የመኪና መሆኑን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። «ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» የሚል የሴት ድምፅ እንዳለው እንደ ጥቅም ቆጥረው ጽፈዋል። ከወናጎ በላይ፣ በሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሚታጠፉበት አደባባይ የትኛው ነው? መንገድ ስታጣ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሱ እያለች ትጨቀጭቅዎታለች። የባጃጅ ሾፌር የሚስቅበትን ዕቃ ነው ለደግነት አውሮፕላን ያጩት።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ነው። ለአብራሪ የተሠራ መሆኑ ደህና። ግን መስኮቱ የክብሪት ቀፎ ያህላል፣ ቀለም የለውም፣ የሚሠራውም ከሱቅ በሚገዛ ባትሪ ድንጋይ ነው፣ እንደ አያቴ ሬዲዮ። ደግነት ዳሽቦርዱ ላይ የቆረጠው ቀዳዳ ውስጥ ቢገባ፣ ጥርስ በረገፈበት አፍ ውስጥ እንደቀረ አንድ ጥርስ ይወዛወዛል።

ሦስተኛው ታብሌት ነው። ታብሌት ፀሐይ ሲመታው ይግልና ይጠፋል። የክፍሌ ልጆች የኳስ ውርርድ የሚያስይዙበትን ዕቃ አይቶ ሕይወቱን የሚሰጥ ሰው ካለ ይስጥ።

ምርጫው ለምን እንደሚያስፈልግ የማላውቅ እንዳይመስልዎት። ከላይ ሲታይ ጌዴኦ ሁሉ አንድ አረንጓዴ ነው ይል ነበር ደግነት። ቡናው ከዛፍ ሥር፣ እንሰቱ ከቡናው አጠገብ፣ ቤቱ ከእንሰቱ ውስጥ ስለሆነ አንዱን ሸንተረር ከሌላው የሚለይ ምልክት የለም። ጉም ከወረደማ ጭራሽ። ስለዚህ የሚያበሩት እርስዎ ቢሆኑም ዕቃውን የማጸድቀው እኔ ነኝ።

እናታችሁ እንዴት ናት ላሉት፣ ደህና ናት። ቀብሩ እንዴት ነበር ላሉት፣ የነበሩት ያውቃሉ።

ሲሞን ዘነበ
12ኛ ክፍል


አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 2017

ሲሞንዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ብጀምር ትመልስልኛለህ? ድሮ ትመልስ ነበር፤ ያውም ከእኔ በላይ ጮክ ብለህ።

ከመቼ ወዲህ ነው «አቶ» የሆንኩት? እኔና ደግነት ዩኒቨርሲቲ እያለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ቤት ቆጮ ልበላ ስመጣ፣ አንገቴ ላይ ተቀምጠህ ጆሮዬን እንደ መሪ ይዘህ «ኡስሜ ብረር» ትለኝ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመትህ ነው። አሁን የማወራው ከመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋር ይመስለኛል።

ለቀብሩ ያልመጣሁት ውጭ አገር ሥልጠና ላይ ስለነበርኩ ነው። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በሁለተኛው ቀን ነው። ምክንያት ነው እንጂ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሥራችን። ፈቃዱ ተገኝቷል። ለአንድ በረራ፣ ለአንድ ሰው፣ እስከ የካቲት 30 ብቻ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ይገባል፣ ወረቀቱም ዋጋ የለውም። ክንፎቹን ፈትተን በመኪና ወደ አባያ ቆላ እንወስደዋለን፤ እዚያ ካለው ሜዳ ተነሥቼ በወናጎ በኩል ይርጋጨፌ ደርሼ እመለሳለሁ። ደግነት በእርሳስ ያሰመረው መንገድ ነው። አባትህ ከሚመጣው ዝናብ በኋላ አውሮፕላኑን ፈታትቶ ሞተሩን ሊሸጥ መወሰኑን ነግሮኛል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዕድል የለንም።

ሦስቱንም ስለናቅህብኝ ሁለት ጨምሬልሃለሁ። ዝርዝሩ ከዚህ ጋር አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደግነት በሞተበት ቀን ይርጋጨፌ የሄደው ከአንድ ፈረንጅ ቡና ገዢ ያገለገለ ጂፒኤስ ሊቀበል ነበር። ተቀብሎት ነበር?

ኡስማን


ዲላ፣ ጥር 22 ቀን 2017

ለአቶ ኡስማን

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የአንገት ታሪክዎን አላስታውስም።

አራተኛው ጂፒኤስ ስክሪኑ ከዳሽቦርዱ ይሰፋል። ሞተራችን ከአሮጌ ቮልስዋገን የወጣ መሆኑን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎት። ይህን ስክሪን ለማብራት ከኋላ ሌላ ሞተር መጎተት ይኖርብናል። ለሰው ለማሳየት ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ ከረባትም ይልበሱ።

አምስተኛው የጀልባ ነው። የውኃውን ጥልቀት ያሳያል ብለው ጽፈዋል። አባያ ውስጥ ከወደቁ ይጠቅምዎታል።

አውሮፕላኑን ሰው ሊያየው ይመጣል ወይ ካሉ፣ ይመጣል። አውሮፕላኑ የቆመበት የአባዬ መጋዘን ቡና የሚከማችበት ሳይሆን የሰው መመላለሻ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ከወረዳ የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሳይፈቀድለት መቀመጫው ላይ ወጣና ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ስንት ኩንታል ቡና እንደሚጭን ጠየቀኝ። እርስዎ ከወረዱለት አንድ ይችላል አልኩት። አብሮት የመጣው ልጅ ሳቁን በሳል ሸፈነው፤ አባዬ ግን ማታ ራት ላይ አላናገረኝም።

ትምህርት ቤትም ያው ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችን መምህር ሙሉካ አየር ክንፍን እንዴት እንደሚያነሣ ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስተምረናል፤ የሚሳለው ክንፍ ዓሣ ይመስላል። እውነተኛው ክንፍ ከትምህርት ቤቱ አጥር አምስት መቶ እርምጃ ላይ ቆሟል፤ አንድ ቀን እንኳ ልየው አላለም። ለለቅሶ ሲመጣም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ያወራው ስለ ማትሪክ ውጤት ነው። መምህርት ሩሃማ ደግሞ ተማሪ የምታማክረዋ ናት፤ ስሜትህን ጻፍበት ብላ ደብተር ሰጠችኝ። የፍጥነት ሠንጠረዥ ሠራሁበትና መለስኩላት። አገላብጣ አየችውና «እሺ፣ ይኼም ስሜት ነው» አለችኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መከራከር አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። ከአምስቱ የአንዱንም የካርታ ዘመን አልጻፉም። ተራራ ቦታውን አይለቅም፤ የኔትወርክ ታወር ግን በየዓመቱ ይተከላል። አሮጌ ካርታ ይዞ የሚበር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መናኸሪያ የሚያቋርጥ ሰው ነው፤ ይህን ያለው ደግነት ነው። እርስዎ ፈቃድ ያለዎት አብራሪ ሆነው ይህን አለማሰብዎ ገርሞኛል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አልገረመኝም።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ የለኝም።

ሲሞን ዘነበ


ዲላ፣ የካቲት 1 ቀን 2017

ለአቶ ኡስማን

ይህኛው ደብዳቤዎ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ እኔም አላስረዝምም። አዎ፣ ጂፒኤሱ እኔ ጋ ነው።

ፖሊሶቹ ቦርሳውን ለአባዬ ሲሰጡት አልከፈተውም፤ ለእኔ አቀበለኝ። ውስጡ ግማሽ ዳቦ፣ የዝናብ ልብሱና ጂፒኤሱ ነበሩ። ስለ ሞተር ሳይክሉና ስለ ጭነት መኪናው ሌላ ሰው ይጠይቁ። ዕቃው ግን ጭረት እንኳ የለበትም፤ በዝናብ ልብሱ ሦስት ዙር ጠቅልሎት ነበር። ከይርጋጨፌ እስከተጋጨበት ኩርባ ድረስ ዝናብ ይዘንብ ነበር አሉ። ልብሱን የለበሰው ጂፒኤሱ ነው።

መዝገቡን ገጽ 58 ላይ ቢገልጡት «ኡስሜ ያለ ጂፒኤስ አልበርም ብሏል፤ ልክ ነው፤ እፈልጋለሁ» ይላል፣ በደግነት ጽሕፈት። ስለዚህ ቀብሩ እንዴት ነበር ብለው እኔን አይጠይቁኝ። የላኩት ሰው እንዴት እንደተመለሰ መጥተው ማየት ነበረብዎት።

ለማንም አላሳየሁትም። እማዬም አታውቅም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው መሐል አስቀምጬ እከፍተዋለሁ። ስምንት ሳተላይት ያገኛል። የቆምኩበትን ቦታ በትንሽ አውሮፕላን ሥዕል ያሳያል። ስክሪኑ ባለ ቀለም ነው፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ባትሪው ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ ዳሽቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ግጥም ብሎ ይገባል። ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው የካርታው ዘመን ነው፦ 2017። የዘንድሮ። ደግነትም ሻጩ መልእክት በላከለት ቀን መዝገቡ ላይ «ካርታ፦ የዘንድሮ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

እርስዎ ዋና ከተማ ተቀምጠው በአንድ ወር አምስት ዕቃ አግበስብሰው አንድ ደህና ማግኘት አቃተዎት። እሱ ዲላ ሆኖ በአንድ መልእክት አገኘ። ልዩነታችሁ ይህ ነው። ድሮም ይህ ነበር፤ እሱ ይሠራል፣ እርስዎ ይወጡበታል።

ምርጫው ይኸው ነው። ገጽ 61 ላይ ጽፌ እፈርማለሁ። ሌላ ዝርዝር አይላኩ።

ሲሞን ዘነበ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 7 ቀን 2017

ሲሞን፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያለ ጂፒኤስ አልበርም ያልኩት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ መርዶውን የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ የታወሰኝ ይኸው ቃሌ ነው። አንተ ስለጻፍከው አልከበደም፤ ባትጽፈውም አይቀልም። በዚህ ላይ አልከራከርህም።

በካርታው ላይ ግን ዝም ብል ደግነት ራሱ አይምረኝም። ዕቃው የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። 2017 የሚለው የእነሱ 2017 ነው፤ በእኛ 2009። ዘንድሮን እነሱ 2025 ነው የሚሉት። ካርታው ስምንት ዓመት ሆኖታል። የሞዴሉን ስም ደግነት ከላከልኝ የገጽ 59 ቅጂ አግኝቼ አምራቾቹን ጠየቅሁ፤ ለዚያ ሞዴል አዲስ ካርታ ማውጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

እኔን አትመነኝ። ከወናጎ በላይ ሸንተረሩ ራስ ላይ የኔትወርክ ታወር አለ። የበረራው መስመር በአጠገቡ ያልፋል፤ ጉም ካለ ታወሩን በዓይኔ ላላየው እችላለሁ። የክብሪት ቀፎ ያልከውን ሁለተኛውን ዕቃ ገዝቼ የዚህን ወር ካርታ ጭኜበታለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሽብሩ እሱንም ይሰጥሃል። ሁለቱን ይዘህ ውጣና ከታወሩ ሥር ቁም።

ከዚያ ገጽ 61ን ሙላ። መዝገቡ ያንተ ነው። የፈረምክበትን ይዤ እነሣለሁ፤ የትኛውንም ቢሆን።

ኡስማን


ዲላ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

ኡስሜ፣

የትኛውንም ይዤ እነሣለሁ ማለትህ ፈሪነት ነው። የራስህን ነፍስ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ጥለህ መዝገቡ ያንተ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ብሳሳትስ? ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ልንገርህ ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወናጎ ወረድኩ፤ ከዚያ ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ሄድኩ እንጂ አምኜህ አይደለም። ያንተ የክብሪት ቀፎ ባዶ እንደሚሆን፣ የደግነት ደግሞ ታወሩን ከነቁመቱ እንደሚያሳይ እርግጠኛ ነበርኩ። የምጽፍልህን ደብዳቤ እንኳ በመንገድ ላይ በቃሌ አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ፊት ቀና አትልም ነበር።

ታወሩን የሚጠብቅ ጋሽ ሙሉጌታ የሚባል ሽማግሌ አለ። አጥሩ ሥር ቆሜ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ይዤ ሲያየኝ ከጎጆው ወጣና «አንተ ልጅ፣ ሁለት ስልክ ይዘህ እዚህ ሥር ቆመህም ኔትወርክ አጣህ?» አለኝ። ስልክ አይደሉም አልኩት። ታዲያ ምንድን ናቸው አለ። የአውሮፕላን ናቸው አልኩት። ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ቁርስ በልተህ ነው የወጣኸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ብሎ የሚያሾፍ ሰው ሌላ ጊዜ ቢያጋጥመኝ መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ጊዜ ግን ታወሩ መቼ እንደተተከለ ብቻ ጠየቅሁት።

ትንሿ ልጁ በተወለደች ዓመት ነው አለኝ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ያንተ ትንሽ ዕቃ ገና ዳገቱ ላይ ሳለሁ ጀምሮ ይጮህ ነበር። መስኮቱ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ምልክትና ከፍታዋ በሜትር ተጽፎ አለ። የደግነት ግን አረንጓዴ ነው። የሚያምር አረንጓዴ። ትንሿ አውሮፕላን መሐል ላይ ትቆማለች፣ በዙሪያዋ ምንም የለም። ቀና ስል ብረቱ ከጭንቅላቴ በላይ እየወጣ ይሄዳል፤ ጎንበስ ስል ሜዳ ነው። አጠፋሁት፤ መልሼ ከፈትኩት። 2017 አለኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ውኃ አምጥቶልኝ ከፊቴ ቆሞ እስክጠጣ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ አላሾፈብኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደግነት ተናድጃለሁ። ይህን ለሌላ ሰው መጻፍ ስለማልችል ላንተ እጽፈዋለሁ። ፈረንጅ ሲጽፍለት በፈረንጅ እንደሚቆጥር እንዴት አያስብም? ስምንት መቀነስን አራተኛ ክፍል እያለሁ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ብሳሳት ደግሞ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። ለስምንት ዓመት አሮጌ ካርታ በዚያ ዝናብ ሄዶ፣ ልብሱን ለካርታው አልብሶ! ሁለት ጊዜ ያሰመረበትን መስመር ሳየው ገጹን መቅደድ አማረኝ። እኔስ ብትል፣ እኔም ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ከፍቼ አንብቤዋለሁ። በወረዳው ሰውዬ፣ በመምህር ሙሉካ፣ ባንተም ስስቅ ከረምኩ፤ ከሁላችሁ በላይ የሚሳቅበት እጄ ላይ ነበር። ድሮም እሱ ይሠራል አንተ ትወጣበታለህ ያልኩት ደግሞ ውሸት ነው። ገጽ 1 ላይ የጽሕፈቱ ግማሽ ያንተ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መጋዘን ገብቼ ክንፉ ሥር ተቀመጥኩና ገጽ 61ን ጻፍኩ። ቅጂው እንዲህ ይላል፦

«ደግነት ዘነበ ያመጣው ጂፒኤስ፦ አይሆንም። ምክንያት፦ ካርታው አሮጌ ነው።
ኡስማን የላከው ትንሹ ጂፒኤስ፦ ይሆናል። ምክንያት፦ ወናጎ ላይ ከታወሩ ሥር ቆሜ አይቼዋለሁ። ቀዳዳው ስለሚሰፋበት ዙሪያው በላሜራ ይሞላል። ትርፍ ባትሪ ድንጋይ ይያዝ።
ሲሞን ዘነበ።»

የመጀመሪያውን መስመር ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። የእሱን ስም ጽፎ ከጎኑ አይሆንም ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሆነ ሞክረው።

ክንፎቹን የምንፈታው የካቲት 22 ነው። ሽብሩ ጭነት መኪና ያለው ዘመድ አለው፣ እሺ ብሏል። አንተ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ብትገባ ጥሩ ነው። እማዬ እንደምትመጣ ነግሬያት የምትተኛበትን ክፍል እያጠበች ነው፤ አሁንም ቆጮ ይወድ እንደሆነ ጠይቀው ብላኛለች።

ትናንት ገጹን ጽፌ ስጨርስ አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ከኅዳር ወዲህ መጋዘኑ ውስጥ እግሩን አስገብቶ አያውቅም። ምን እንደጻፍኩ ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። አልገባውም መሰለኝ፤ ቦርሳው ውስጥ የነበረውን ዕቃ አውጥቼ አሳየሁትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት።

«ታዲያ ልጄ ለምን ሄደ?» አለኝ።

«የዘንድሮ መስሎት ነው፣ አባዬ።»

ዕቃውን ከእጄ ተቀበለ። መነጽሩን አውጥቶ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገ፣ አደረገውም፤ በር ላይ ወዳለው ብርሃን ዞሮ ቁጥሩን ሲያየው ቆየ።

«እኔም ብሆን የዘንድሮ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ሲሞን